ሰባት ቤት ቆጠራና አንድ ብልቃጥ ምራቅ

(ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ የጋበዙኝ «ስለ ዲኤንኤ ምርመራ ሳይንስ አስረጂን» ብለው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሠራሁ ነገሩን አሳምሬ የማውቀው መስሏቸዋል። እኔ ግን የሰው ደም ስመረምር ኖሬ የራሴ ውጤት ሲመጣ እንዴት እንደ ጀማሪ እንደተደናበርኩ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ሳይንሱን መንገድ ላይ እናገኘዋለን።

በ2012 ዓ.ም. ለገና በዓል ልጄ አንዲት ትንሽ ሳጥን ሰጠችኝ። ውስጧ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ መክደኛና አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ አለ። መመሪያው ምራቃችሁን ከመትፋታችሁ በፊት ለሠላሳ ደቂቃ ምንም አትብሉ፣ ምንም አትጠጡ ይላል። በበዓል ቀን በእኛ ቤት ቡና የማይቀዳበት ሠላሳ ደቂቃ ማግኘት ቀላል አይደለምና ማታ እንግዶች ከሄዱ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተፋሁ። ብልቃጡ ላይ ምልክት አለ፤ ምራቁ እዚያ መድረስ አለበት፤ አረፋው አይቆጠርም። ለካ በትእዛዝ መትፋት ከባድ ነው! አገር ቤት ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ እንትፍ» ሲል እንዴት እንደሚቀለው አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። የእናቴ እናት፣ አያቴ እማሆይም እንደዚያ እያሉ ነበር የሚመርቁኝ፤ በነገሩ ውስጥ እሳቸው እንዳሉበት ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ኢትዮጵያና ኤርትራ 74 በመቶ። ጣሊያን 23 በመቶ። የቀረው ፍርፋሪ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ያልተጠበቀ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ታካሚውን ሳይሆን መለያ ወረቀቱን ነው። እኔም ብልቃጤ ከሌላ ሰው ብልቃጥ ጋር ተለዋውጧል አልኩ። አባቴም እናቴም የጎንደር ሰዎች ናቸው። የእናቴ አባት የማር ነጋዴ ነበሩ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ። የእናቴ መልክ ቀይ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ቀይ መሆን ደግሞ ማንን ይገርማል? ወንድሜን ለምኜ እንዲተፋ አደረግሁት። የእሱ 28 በመቶ ሆኖ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እኔ ካንቺ ይልቅ ፈረንጅ ነኝ» እያለ ያበሽቀኛል።

የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች እንዴት የተለያየ ቁጥር ይኖራቸዋል? አባቶቻችን «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ብለው ጨርሰውታል። እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን በዕጣ ነው። ከወላጅ የሚመጣው ሁልጊዜ ግማሽ ሲሆን፣ ከአንድ አያት የሚደርሰን ግን በአማካይ ሩብ ይሁን እንጂ ወደ ሃያ ዝቅ ወይም ወደ ሠላሳ ከፍ ሊል ይችላል። 23 እና 28 ሁለቱም አንድ ሙሉ አያት ናቸው።

ያም ሆኖ አላመንኩም፤ ያላመንኩበት ምክንያት ደግሞ ሞኝነት አልነበረም። የሰው ዘረ መል ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የቤት ምርመራው ይህን ሁሉ አያነብም፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚለያዩባቸውን ከ6 መቶ እስከ 7 መቶ ሺህ የሚሆኑ ነጥቦች መርጦ ያያል። ከዚያ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ ግን በጣም ይለያያሉ። አንዱ ግምት ነው፣ ሌላው ልኬት።

መቶኛው ግምት ነው። ኩባንያው የእናንተን ነጥቦች ከየአገሩ ከሰበሰባቸው ሰዎች ነጥቦች ጋር ያስተያይና የማንን እንደሚመስል ይናገራል። በእጁ ያለው የኢትዮጵያውያን ናሙና ጥቂት በነበረበት ጊዜ የእኛ ሰዎች ውጤት ከፊሉ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ከፊሉ መካከለኛው ምሥራቅ እየተባለ ይወጣ ነበር። በኋላ ናሙናው ጨመረና «ኢትዮጵያና ኤርትራ» የሚል ክፍል ተበጀ። ያው ሰው በያው ምራቁ አንድ ቀን ጠዋት ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ አገሩ ተመልሶ አደረ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ስንቱ ሰው «እኔ ግማሽ ዓረብ ነኝ» ብሎ እንዳወራ፣ ስንቱስ አፍሮ ዝም እንዳለ አስታውሳለሁ።

ቅልቅሉ በራሱ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ዘረ መል ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚቀራረብ፣ ቅልቅሉም የተከሰተው የዛሬ 3 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነ ገምቷል። ይህን ይዘው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ተረጋገጠ ብለው የጻፉ ጋዜጦች ነበሩ። እኔ በማጉያ መነጽር ስመለከት የንግሥት ስም የተጻፈበት ደም አይቼ አላውቅም። የሞታ ዋሻ ሰው ነገርም አለ። በጋሞ ደጋ የተገኘው፣ ተመራማሪዎቹ በጋሞኛ «ባይራ» ማለትም በኩር ብለው የሰየሙት፣ የ4 ሺህ 5 መቶ ዓመት ሰው ነው። ዘረ መሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከጥናቱ መደምደሚያዎች አንዱ የተሳሳተ ነበር፤ የኮምፒውተር ሥራው ላይ አንድ ደረጃ ተዘልሎ ኖሯል። ተመራማሪዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ወጥተው «ተሳስተናል» ብለው አረሙ። ይህን የማነሳው ሳጥን ሻጮቹ መቶኛችንን ሲለውጡት «አሻሻልን» እንጂ «ተሳሳትን» ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው።

እንግዲህ የእኔም 23 በመቶ ጣሊያን ከዚያ ከጥንቱ ቅልቅል የመጣ የግምት ስህተት ይሆናል አልኩ። ግን አልሆነም። የሦስት ሺህ ዓመቱ ቅልቅል መቶ ያህል ትውልድ እየተቆራረጠ ስላለፈ በሙቀጫ እንደተወቀጠ በርበሬ ነው፤ በሁሉም ውስጥ በእኩል ተበትኗል፣ ዛላውን ነጥላችሁ አታገኙትም። የእኔ ጣሊያን ግን ገና ሙቀጫ አላየም። ኩባንያው የሚያሳየውን ሥዕል ስከፍተው አንዳንዱ ክሮሞዞም፣ ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክር ማለት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀለም ተቀብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ክፍል ከቅርብ ሰው ካልሆነ አይመጣም።

ሁለተኛው ሥራ፣ ልኬቱ፣ ክርክሬን ዘጋው። ኩባንያው የእናንተን ዲኤንኤ ከሌሎች ደንበኞቹ ጋር አስተያይቶ የምትጋሩትን መጠን ሴንቲሞርጋን በሚባል መለኪያ ይቆጥራል። ወላጅና ልጅ 3 ሺህ 4 መቶ ገደማ ይጋራሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች 2 ሺህ 6 መቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ 1 ሺህ 7 መቶ 50፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች 8 መቶ 50 አካባቢ። እዚህ መቶኛ የለም፣ አገር የለም፣ ግምትም የለም ማለት ይቻላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ስንመረመር ብዙ ጊዜ የሚወጣልን የሩቅ ዘመድ ዝርዝር ነው፤ አገር ቤት ያለው ዘመዳችን ስላልተመረመረ። የእኔ ዝርዝር አናት ላይ ግን ሰሜን ጣሊያን የሚኖር አንድ ሰው በ438 ሴንቲሞርጋን ተቀምጧል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ዓይነት ዝምድና ሊሆን ይችላል። ዕድሜያችን ሲታይ ግን አንድ የሚያስኬድ ነገር ነበር፤ የእሱና የእኔ ወላጆች በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ናቸው።

ሦስት ሳምንት አንጀቴን ስበላ ከረምኩ። እናቴ ያን ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ለአንዲት አሮጊት «አባቴ የምትያቸው አባትሽ አይደሉም» እንዴት ይባላል? ወንድሜ «ተዪው፣ ምን ይጠቅማል» አለ። እኔ ደግሞ ልጄ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ የማላውቀው ጣሊያናዊ ያውቃል፤ የማታውቀው የነገሩ ባለቤት ብቻ መሆኗ አላስተኛ አለኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እየቆላች ሳለ ተንደርድሬ ነገርኳት። ከምጣዱ ቀና አላለችም።

«ስንት ከፈልሽበት?» አለችኝ።

«ልጅቷ ናት የከፈለችው። መቶ ዶላር ገደማ ነው።»

«በነጻ እነግርሽ ነበር» አለችና የቡናውን ጢስ በእጇ ወደ እኔ ወደ እኔ ገፋችው።

አየሁ ስል የማላየው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የሰፈር ልጆች ሲጣሏት «የሶላቶ ልጅ» ብለዋታል፤ እያለቀሰች ቤት ስትገባ እማሆይ ደብቀው አልሸነገሏትም። አንዴ ነግረዋት ዘጉት። ለእናቴ ያ የሚጠየቅ ነገር ሳይሆን የታወቀና የተከደነ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በእሑድ በእሑድ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ሰጠችኝ፤ እኔም የጎደለውን ከታሪክ መጻሕፍት ሞላሁት።

ጣሊያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ከወታደሩ ጋር ሹፌሩ፣ ግንበኛው፣ መካኒኩ መጣ። አያቴ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመት ግድም ይሆናቸዋል፤ አባታቸው በጦርነቱ ሞተዋል፤ ለጣሊያኖች ልብስ ያጥቡ ነበር። ሰውየው የካሚዮን መካኒክ ነበር። እናቴ የተወለደችው በጥር 1933 ዓ.ም. ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ራሴ ይህን ሳነብ ነው የእማሆይ ዝምታ የገባኝ። ፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው አዋጅ አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። የተከለከለው መተኛት አልነበረም፤ ሴተኛ አዳሪ ቤቶቹን ራሱ አስተዳደሩ ይፈቅድና ይቆጣጠር ነበር። የተከለከለው አብሮ መኖር፣ አብሮ መብላት፣ ማክበር ነው። ገንዘብ ጥሎ የሚሄደውን ሕጉ አይነካውም፤ ስትታመም የሚያስታምማትን ግን ያስራል። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940፣ እናቴ ገና ፅንስ ሳለች፣ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ መቀበል ተከለከለ። የልጁ ማሳደጊያ በሙሉ የአገሬው ወላጅ ዕዳ እንዲሆን ተጻፈ። ስለዚህ ሰውየው ጥሩም ይሁን ክፉ፣ እናቴን ስሙን ሊሰጣት አይችልም ነበር። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ የአሥር ወር ልጅ ነበረች። እንግሊዞች ምርኮኞቹን ሰብስበው ወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የጣሊያን ልጅ ታቅፎ ጎንደር ገበያ መውጣት ምን ማለት እንደነበር መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ከጣሊያናዊው ዘመዴ ጋር በኮምፒውተር እያስተረጎምን መጻጻፍ ጀመርን። አያቱ መካኒክ ነበር። ጎንደር ተማርኮ ኬንያ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1946 አገሩ ገባ፣ አገባ፣ ጋራዥ ከፈተ፣ ስለ አፍሪካ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። አራተኛው ደብዳቤ ላይ «አያቴ አያትሽን አስገድዷት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ይህን ጥያቄ እናቴን ልጠይቃት ፈርቼ የተውኩት ነው። እሱ ስለጠየቀ ጠየቅኋት። ስኒውን አስቀመጠችና ብዙ ቆየች።

«እናቴ ‹ሰውየው› ነበር የምትለው» አለች። «ስሙን ጠርታ አታውቅም። ረግማውም አታውቅም። ሰውየው ዱቄት ያመጣ ነበር ትላለች። ሰውየው ሌሊት ሌሊት ያስለው ነበር ትላለች።»

«ትወደው ነበር?»

«ጦርነት ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

የአሥራ ሰባት ዓመት አባት የሌላት ልጅ፣ ዱቄት የሚያመጣ የወራሪ ጦር ሰው። ከዚህ ውስጥ ፈቃድ የቱ ላይ ይጀምራል፣ ግዴታ የቱ ላይ ያበቃል? 7 መቶ ሺህ ነጥብ የሚያነብ መሣሪያ ስለዚህ አንድ ነጥብ የለውም። እማሆይ ለንስሐ አባታቸው ነግረው ይሆናል፤ ያም እዚያው ቀርቷል። ለጣሊያናዊው የሰማሁትን እንዳለ ጻፍኩለት፤ ዱቄት ያመጣ ነበር፣ ሌሊት ያስለው ነበር፣ ይኸው ነው። ለሁለት ወር መልስ አልጻፈልኝም። በኋላ የሰውየውን ፎቶግራፍ ላከ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችውና «ጆሮው የወንድምሽ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

እኔም ያንን ሰሞን ከእማሆይ ዕቃ ውስጥ አንድ ነገር ፍለጋ ለእህቴ ደውዬ ጎንደር ያለውን ሣጥን አስበርብሬአለሁ። ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ደብዳቤ፣ የሆነ ነገር። መጽሐፈ መነኮሳት፣ መቁጠሪያ፣ ሁለት ነጠላ። ሌላ ምንም የለም።

ይልቅ ስለ ማር ነጋዴው ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግር የእሳቸው ነው ብል ደስ ይለኛል። እማሆይን ያገቡት በ1936 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሠርጉ ማግስት ሽማግሌዎች ሰብስበው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነከሩና ልጅቷን እንደ ጡት አጠቧት። የጡት ልጅ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በስማቸው ትጠራለች፣ ትወርሳለች፣ ሲሞቱ እንደ ልጅ ታለቅሳለች፤ «የእንጀራ ልጅ» የሚላት የለም። ኦሮሞው ጉዲፈቻ ይለዋል፤ ቃሉ ዛሬ የሁላችንም ሆኗል። እናቴ ስለ አባቷ የምታስታውሰው የመጀመሪያው ነገር ጣዕም ነው። ሮም ያለው መንግሥት ይህች ልጅ አባት አይኖራትም ብሎ ሕግ በጻፈ በአራት ዓመት ገደማ አንድ የጎንደር ነጋዴ በአንድ ጣት ማር ሻረው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የሚያጉረመርማችሁ ነገር ይሰማኛል። ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን እንላለን። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያልን የምንወርደው እንዳንጋባ ነው። ቆጠራው ውስጥ በማር የገባ ሰው ካለ ቆጠራው ውሸት አይሆንም ወይ? ሁለት ነገር ልበል። ሰባተኛው ቤት ላይ እያንዳንዳችን 128 ወላጆች አሉን። የሁሉንም ስም የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የምንቆጥረው ልንቆጥረው የመረጥነውን ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ጥቂት ትውልድ ስንሄድ ዲኤንኤያቸው ወደ እኛ አንዲት ነጥብ እንኳ ያልደረሰ የሥጋ አያቶች አሉን፤ ዕጣው ሳይወጣላቸው ቀርቶ። ደሙም ራሱ ይረሳል።

ሁለተኛው፣ የአፍ ቆጠራችን ንጹሕ መዝገብ ሆኖ አያውቅም። በጎንደርና በጎጃም አጥንት የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ አልነበረም፣ ለርስትም ነበር። ከአቅኚው አባት እወርዳለሁ ያለ ሁሉ መሬት ይጠይቃል፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እየተባለ ስንቱ ሙግት ተሟግቷል። መሬት የሚያስገኘው አያት ይታወሳል፣ የማያስገኘው ይረሳል፤ ጥሩ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ሁለት አያት ይጨምራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ስንት የተፈበረከ አያት ያለ ሥራ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

የጣሊያን ነገር ያሳፈረው ሰው ካለ ደግሞ አማርኛችንን አስተፍተን እንመርምረው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ቦርሳ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ማኪያቶ። እሱም ጥቂት በመቶ ጣሊያን ይወጣለታል። ከዚያ ውጭ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ የመኑ አለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች ታውቃላችሁ፤ ማርሽ ባንድ ሆነው ነበር። እነሱም ሆኑ የመርካቶው የመን ነጋዴ አገራችን ላይ ሙዚቃና ሱቅ ብቻ ትተው የሄዱ ከመሰላችሁ ሳጥኑን ገዝታችሁ ጠብቁ።

ስለ ጉዲፈቻ ልጆች ግን መሳቅ አልችልም። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የውጭ ጉዲፈቻን እስኪከለክል ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን የሄዱትም ብዙ ናቸው። ዛሬ አድገዋል። እኔ ሳጥኑን ለጨዋታ ከፈትኩት፤ እነሱ የሚከፍቱት እናት ፍለጋ ነው። አንዳንዱ ወረቀቱ ላይ «ወላጆቹ ሞተዋል» ተብሎ ተጽፎለት መሞታቸውን ይጠራጠራል። ችግሩ የሚፈልጓት እናት ወሎ ወይም ወላይታ ነው ያለችው፤ ብልቃጥ ውስጥ አልተፋችም። ዝርዝራቸው ላይ የሚወጣው እንደ እነሱ በሌላ አገር ያደገ ሌላ ልጅ ነው። እናንተ የሩቅ ዘመድ ሆናችሁ ከእነዚህ ልጆች በአንዱ ዝርዝር ላይ ከወጣችሁና ደብዳቤ ከደረሳችሁ፣ እባካችሁ መልሱ። «ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። የሚጠይቃችሁ የቀበሌ ስም ነው።

ስለ ሚስጥር ጥበቃም አጭር ነገር። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲዘረፍ ሌቦቹ በተሰረቀ የይለፍ ቃል የገቡት ወደ 14 ሺህ ሂሳቦች ብቻ ነበር። «ዘመዶቼን አሳየኝ» በሚለው በር ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኩባንያው ራሱ ኪሳራ አውጆ በ305 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ የሰዉ ምራቅ መዝገብ አብሮ ተሸጠ። እኔ ስተፋ ሰባት ቤቴ አብሮኝ ተፍቷል ማለት ነው፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ፈረንሳይ ውስጥ ይህን ምርመራ በግል ማድረግ 3 ሺህ 7 መቶ 50 ዩሮ ሊያስቀጣ ይችላል። እስራኤል ያላችሁ ዘመዶች እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ዝምድና የሚያሳየውን ምርመራ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይፈቅድም፤ አንዱ ምክንያት በሃይማኖቱ ሕግ ልጅ እንዳይገለል ተብሎ ነው። ብዙዎች እነዚህን ሕጎች ኋላ ቀር ይሏቸዋል። እኔ ከእናቴ ምጣድ አጠገብ ከቆምኩ በኋላ እንደዚያ ማለት ትቻለሁ። ሳጥን ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ቤት ያለውን ትልቅ ሰው ይጠይቅ። በነጻ ነው፤ ውጤቱም ስድስት ሳምንት አይፈጅም።

ያቺ ሳጥኑን የሰጠችኝ ልጄ ባለፈው ጥቅምት ሽማግሌ ተላከላት። ልጁ የጎጃም ሰዎች ልጅ ነው፣ ቨርጂኒያ ነው ያደገው። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ሳሎናችን ውስጥ ቆሙ፤ እንደ ወጉ እስኪፈቀድላቸው አልተቀመጡም። ከተቀመጡ በኋላ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጎንደርና ጎጃም ጎረቤት ነውና ዝምድና እንዳይኖር እንቁጠር አሉ። ባለቤቴ በእሱ በኩል ቆጠረ። በእኔ በአባቴ በኩል ወንድሜ ቆጠረ። በእናቴ በኩል ሲደርስ ዝም ብለን ተያየን። እናቴ ከጥግ ወንበሯ ላይ ሆና በማር ነጋዴው በኩል አንድ በአንድ፣ ሳትደናቀፍ፣ እስከ ሰባት ወረደች። ሽማግሌው በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። «ተባረኩ» ብለው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ እጇን አነሳች።

«በሌላው በኩል ጣሊያን ነው» አለች። «በዚያ አይገናኙም።»

ሽማግሌው ጣታቸውን እንዳጠፉ ቀሩ። «ጣሊያን አሉኝ እማማ?»

«አዎ፣ ጣሊያን» አለች እናቴ። «ቀጥሉ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።»